የካፒቴኑ ጣት

አየሁት። ይህን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል። የአሥራ ሰባተኛው ቫልቭ እጀታ ከቧንቧው ጋር አብሮ ተጋድሞ በሁለት ዓይኔ አየሁት። እጀታው ከቧንቧው ጋር ከተጋደመ ክፍት ነው፤ ቧንቧውን አቋርጦ ከቆመ ዝግ ነው። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ካፒቴን ሞንማ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ በጓንት የተጠቀለለ ጣታቸውን እጀታው ላይ ቀስረው፣ «ቫልቭ አሥራ ሰባት! ዝግ! ልክ!» ብለው ጮኹ። እኔም ከጎናቸው ቆሜ፣ የራሴን ጣት ቀስሬ፣ አፌን ሞልቼ «ልክ!» አልኩ።

ከዚያ ወደ አሥራ ስምንተኛው ሄድን።

እኛ ዘንድ ሥራ የሚሠራው እንዲህ ነው። አንዱ በጣቱ ይጠቁምና ያየውን ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ሌላው ይመልስለታል። ዓይን ቢሰንፍ ጣት ይቀሰቅሰዋል፣ ጣት ቢሰንፍ አፍ ያነቃዋል ነው ነገሩ። ባቡር ነጂዎች ባዶ ሐዲድ ላይ ጣታቸውን እየቀሰሩ ሲጮኹ እያየን ነው ያደግነው። ጥሩ ልማድ ነው፣ ብዙ ሰው አድኗል። ግን በቀን አርባ አንድ ጊዜ፣ በሳምንት ስድስት ቀን ሲደጋገም አፍ ዓይንን መጠበቅ ይተዋል። ይህን ማንም አይነግርህም።

ሱናሚው የኑክሌር ጣቢያውን ከመታው ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። የቀለጠው ነዳጅ እንዳይግል ሌት ተቀን ውሃ ይለቀቅበታል፤ የነካው ውሃ ሁሉ ይመረዛል፤ የተመረዘውን የሚያደርሱበት ስለጠፋ ታንከር ውስጥ ይከቱታል። አንዱ ሲሞላ ሌላ ይተክላሉ። ጥድ የነበረበት ኮረብታ በታንከር ተሸፍኗል። ታንከሮቹ ደግሞ በጥድፊያ የተገጣጠሙ ስለሆኑ መገጣጠሚያቸው ያልበዋል። ለዚህ ሲባል በዙሪያቸው ጉልበት የማይደርስ የኮንክሪት ክትር ተሠርቷል፤ ያፈሰሰው እዚያ ይቀራል። ዝናብም ስለሚጠራቀምበት እያንዳንዱ ክትር ማፍሰሻ ቫልቭ አለው። ውሃው ተመርምሮ ንጹሕ ከሆነ ይከፈታል፣ ካልሆነ ዝግ ሆኖ ይኖራል። የእኔና የካፒቴኑ ሥራ አርባ አንዱም ዝግ መሆናቸውን በየጠዋቱ ማየት ነበር።

ማየት! እኔ እኮ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የመኪና መንዳት አስተማሪ ነበርኩ። ተማሪዎቼን «አንገትህን አታዙርልኝ፣ ተመልከት!» እያልኩ ስንቱን አስለቅሻለሁ። የመንዳት ትምህርት ቤቱ በጨረሩ ምክንያት ተዘግቶ ሣር ሲውጠው፣ እኔም መጠለያ ጎጆ ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠርሙስ አቅፌ ተጋደምኩ። ከዚያ ያነሱኝ ካፒቴን ሞንማ ናቸው። ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፤ ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ዛሬም ካፒቴን ይላቸዋል። አንድ ጠዋት በሬን ሳያንኳኩ ከፍተው፣ «መምህር፣ ዓይንህ ይሠራል?» አሉኝ። ይሠራል አልኳቸው። «እንግዲያው ተነስ፣ ቱታ ልበስ» አሉኝ። ለሚስቴ ለሪዬ ባሏን የመለሱላት እሳቸው ናቸው፤ ለእኔ ደግሞ ራሴን።

እንዲህ ያለውን ሰው «ተሳስተዋል» ይሉታል? ሰው ይላል ይሆናል። እኔ አላልኩም። እጀታውን ሳየው መጀመሪያ ያሰብኩት «ካፒቴኑ የሚያውቁት ነገር ይኖራል» ብዬ ነው። ሃያኛው ቫልቭ ላይ ስንደርስ ለመናገር ረፈደ። አርባ አንደኛው ላይ ጭራሽ የማይሆን ሆነ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ «ልክ» ብዬ ጮኼአለሁ።

ማረፊያው ሕንፃ ስንመለስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ጭምብሉን፣ ድርብ ጓንቱን፣ ነጩን ቱታ አወለቅን፣ ተመዘገብን፣ ተለካን፣ ምሳችንን ይዘን ተቀመጥን። አውሎ ነፋሱ አሥር ሰዓት ላይ ይደርሳል ተብሏል። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የማስበው። አሥራ ሰባተኛው ክትር ውስጥ ያለው ታንከር ከነሐሴ ጀምሮ የሚያፈስ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ውሃው ሲለካ ለኪዎቹ «ይህ ፈጽሞ እንዳይለቀቅ» ብለዋል። ጠዋት ሳየው ውሃው ከማፍሰሻው አፍ በአንድ ጣት ውፍረት ዝቅ ብሎ ነበር። ዝናቡ ያንን አንድ ጣት ለመሙላት ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። ከማፍሰሻው ወደ ቦይ ነው፣ ከቦዩ ወደ ባሕር።

ባሕሩ ደግሞ የዋታሩ ነው። ዋታሩ የካፒቴኑ ልጅ ነው። ማጥመድ ከተከለከለ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ማኅበራቸው ለሙከራ እንዲያጠምድ ፈቃድ አግኝቶ፣ ሰኞ የመጀመሪያውን መረብ ሊጥል ነው። ዓሣው ይለካል፤ ንጹሕ ከሆነ ገበያ ይወጣል፤ አንዲት ዓሣ ብትበላሽ ግን ከዚያ ጠረፍ ማንም ሁለተኛ አይገዛም።

«መምህር፣ ሩዝህን ለምን እንደ ሬሳ ታየዋለህ?» አሉኝ ካፒቴኑ።

«አልራበኝም ካፒቴን።»

«አልራበኝም ይላል! የሪዬን እጅ ንቀህ ነው። አምጣ ወዲህ።» የሩዙን ድብልብል ከፊቴ አንስተው ገመጡት። «ሰኞ ዋታሩ ጠፍጣፋ ዓሣ ይልክልሃል። ያኔ ደግሞ አልራበኝም በል፣ እናያለን።»

«ካፒቴን…»

«እ?»

ልናገር ነበር። እውነቴን ነው፣ አፌን ከፍቼ ነበር። የፈረቃው አለቃ ሺሺዶ በዚያች ቅጽበት ገባ። ከቶኪዮ የመጣ፣ ገና አርባ ያልሞላው፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው።

«አውሎ ነፋሱ ፈጥኗል» አለ ለሁሉም። «ስምንት ሰዓት ላይ እዚህ ነው። ስድስት ተኩል ላይ ውጭ ያለ ሰው ሁሉ ይገባል። ካፒቴን፣ የእርስዎ ክትሮች?»

«አርባ አንዱም ዝግ» አሉ ካፒቴኑ አፋቸው በሩዝ እንደተሞላ።

«እርስዎ ካሉ አልጨነቅም። ሁሉም እንደ እርስዎ ቢሆን እኔ ፀጉሬ ባልሸበተ።» ሳቀና ወጣ።

በዚያ አዳራሽ አርባ ሰው ነበር። አሁን ብናገር ካፒቴኑ በአርባ ሰው ፊት ነው የሚዋረዱት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይሉ ነበር አባቴ። ሰዓቴን አየሁ። አምስት ሰዓት ከአሥር። ብቻዬን ሄጄ እንዳልዘጋው እዚያ ብቻውን የሚገባ ሰው የለም፤ በሩ ላይ ሁለት ሁለት ሆነን ነው የምንመዘገበው፤ የእኔ ጥንድ ደግሞ ካፒቴኑ ናቸው።

ያኔ ዋሸሁ።

«ካፒቴን፣ ባትሪዬን ረስቻለሁ። የእጅ ባትሪዬን። አሥራ ሰባት ቁጥር ጋ አስቀምጬው ነው የመጣሁት።» ባትሪው ሳጥኔ ውስጥ፣ ካልሲዬ ሥር ነበር።

ማኘካቸውን አቆሙ። የተረሳ ዕቃ እዚያ ቀላል ጥፋት አይደለም፤ በዚያ ላይ ነፋስ እየመጣ።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ስታስነዳ መሪውን ረስተህ ወርደህ ታውቃለህ?»

«ይቅርታ ካፒቴን።»

«ይቅርታህን ለጭምብሉ ንገረው። ተነስ!»

እንደገና ለበስን። የልብሱ መገጣጠሚያ ላይ ፕላስተር ስለጥፍላቸው አጥብቄ ሳብኩት፤ «ቀስ በል፣ ዓሣ እያሰርክ አይደለም» አሉኝ። ደረታችን ላይ ያለው የጨረር መለኪያ በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ እንዲጮህ ተሞልቶ ነው የሚሰጠን፤ ሦስተኛው ሲጮህ ያለምንም ክርክር መውጣት ነው። ጠዋት አንዴ ጮኾብናል።

መኪናው ኮረብታው ላይ ሲያወርደን ሰማዩ ጠቁሯል። ስንለብስ የጀመረው ዝናብ ጭምብሌ ላይ ይፈነጠቃል። በታንከሮቹ መካከል ያለው መተላለፊያ ነፋሱን አጥብቦ ስለሚለቀው ካፒቴኑ አንድ ሁለት ጊዜ ተንገዳገዱ። ሥራውን ስጀምር ሁልጊዜ የግራውን ታንከር በእጃቸው እየዳሰሱ እንደሚሄዱ አይቼ ነበር፤ የባሕር ሰው ስለሆኑ ነው ብዬ ነበር የተውኩት።

አሥራ ሰባተኛው ጋ ስንደርስ መለኪያዬ ጮኸ። ሁለተኛው።

እጀታው እንደ ጠዋቱ ተጋድሟል። ውሃው አፍ ለአፍ ደርሶ ነበር። ከውጭ በኩል፣ ከቧንቧው ጫፍ፣ የትንሽ ጣት ያህል ቀጭን ውሃ መውረድ ጀምሯል። እኔ አስቤ የመጣሁት ካፒቴኑ ባትሪውን ሲፈልጉ ቀስ ብዬ ልዘጋው፣ ማንም ሳያውቅ ነገሩ እንዲቀበር ነበር። እጄን ሰደድኩ፤ እጀታው አልነቃነቅ አለኝ። ደርቋል።

«ባትሪህ የታለ?» ብለው ጮኹ ካፒቴኑ ከኋላዬ። ጭምብል ለጭምብል ስለሆነ ካልጮኹ አይሰማም።

«ካፒቴን፣ ቫልቩን ይዩት!»

«ምኑን?»

«ቫልቩን! አሥራ ሰባትን!»

ቀና ብለው ቆሙ። ክንዳቸውን ዘረጉ። ከእጀታው ከአንድ እርምጃ በማይበልጥ ርቀት፣ ጣታቸው ቀጥ ብሎ፣ እንደ ጠዋቱ፣ እንደ ትናንቱ፣ «ቫልቭ አሥራ ሰባት! ዝግ! ልክ!» አሉ።

አልመለስኩም።

ጣታቸው አየር ላይ ቀረ። በእኛ ሥራ የመልስ አለመምጣት ምን ማለት እንደሆነ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልነበራቸውም፤ ደርሶባቸው አያውቅማ። ነፋሱ ያፈነው መስሏቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት። «ቫልቭ አሥራ ሰባት! ዝግ! ልክ!»

«ልክ አይደለም!»

ለሚያከብሩት ሰው ይህን ቃል መጮህ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ካፒቴኑ አልተቆጡም። ቀስ ብለው ጎንበስ አሉና፣ የቀሰሩትን ጣት ወደ መዳፍ ዘርግተው፣ ቧንቧውን ያዙት። በቧንቧው ላይ እጃቸው ሄደ፣ ሄደ፣ እጀታው ላይ ደረሰ። ከቧንቧው ጋር እንደተጋደመ ዳሰሱት። ከዚያ እጃቸውን ወደ ቧንቧው ጫፍ ሰደው የሚወርደውን ውሃ ነኩት።

ያኔ ገባኝ። የእጅ ርዝመት ያህል ቀርበው አላዩትም።

«ያዝ!» አሉ። ሁለታችን አራት እጅ ሆነን ሳብነው። እጀታው ጮኾ ተንቀሳቀሰ፤ ግማሽ፤ ከዚያ ሙሉ። ቧንቧውን አቋረጠ። የሚወርደው ውሃ ሳሳ፣ ተንጠባጠበ፣ ቆመ።

«ዓይንዎ…» አልኩ።

«የዓይን ሞራ ነው። ከፀደይ ጀምሮ ሁሉም ጭጋግ ነው።»

«የዓይን ምርመራውስ? በየወሩ አይደል የሚያዩን?»

«ከፊቴ ያሉት የምልክቶቹን አቅጣጫ ጮክ ብለው ነው የሚያነቡት። ላይ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ። ዘፈን ነው፤ ሸመደድኩት።» ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ በመስታወቱ ውስጥ ዓይናቸው ሲፈልገኝ አየሁ። «አንተን ለምን ያመጣሁህ መሰለህ? መምህር ያያል ብዬ ነው። እኔ እጠቁማለሁ፣ አንተ ታያለህ። ልክ ካልሆነ አይመልስም ብዬ ነው።»

እሳቸው የእኔን አፍ ተማምነው፣ እኔ የእሳቸውን ጣት ተማምኜ፣ ሦስት ወር ሙሉ።

«ጠዋት አይተኸው ነበር?»

«አይቻለሁ።»

«አይተህ መለስክልኝ?»

«አዎ።»

ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመቱኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን ከዚያ የባሰ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ሌሎቹንስ? ከዛሬ በፊት፣ አርባ አንዱን፣ በየቀኑ… ታያቸው ነበር?»

ላስታውስ ሞከርኩ። ቫልቭ ስድስት። ቫልቭ ሃያ ሁለት። ዓይኔን ብጨፍን የሚመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነጭ ጓንት ያጠለቀ ቀጥ ያለ ጣት። እጀታ አይመጣልኝም። አሥራ ሰባትንም ያየሁት ጠዋት የጫማዬ ማሰሪያ ተፈትቶ ጎንበስ ስላልኩ ነው። በራሴ ላይ የተነሣብኝ ንዴት ያኔ መለኪያ ቢኖረው ይጮህ ነበር።

«የማየው ጣትዎን ነበር ካፒቴን» አልኩ።

መለኪያው ጮኸ። ሦስተኛው። ካፒቴኑ የእጅ ሬዲዮውን ከወገባቸው አወጡ።

«ማዕከል፣ ሞንማ ነኝ። አሥራ ሰባት ክፍት ነበር፤ አሁን ዘግተነዋል። ጠዋት ዝግ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። አላየሁትም፤ ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል። አርባ አንዱንም ሰው ልካችሁ በእጅ አስነኩ። አሁኑኑ፣ ዝናቡ ሳይጠና።»

የሺሺዶ ድምፅ በጩኸቱ መካከል መጣ። «ካፒቴን? ሃንጋይ አብሮዎት አልነበረም?» እኔን ነው።

«ከኋላዬ ነበር። እሱ ከቆመበት አይታይም» አሉ፣ ሬዲዮውንም ዘጉት።

እኔ ከጎናቸው ቆሜ ነበር። ሬዲዮው ከአፌ ክንድ አይርቅም። ዝም አልኩ። ያን ዕለት ሁለተኛዬ ነው፤ በመጀመሪያው ላይ ልማድ ብላችሁ ማሩኝ፣ ሁለተኛውን ግን ማንም እንዲምረኝ አልፈልግም።

ማረፊያው ሕንፃ ውስጥ በመስኮቱ ትይዩ ተቀመጥን። ስድስት ጥንድ ሰው ወጥቶ ነበር። ዝናቡ መስታወቱን ይገርፈዋል። ሰው ከካፒቴኑ አጠገብ ያለውን ወንበር ትቶ ርቆ ይቀመጣል፤ ንቀት አይደለም፣ ምን እንደሚሉ ጠፍቷቸው ነው። ካፒቴኑ የገብስ ሻያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አልጠጡትም። እኔም አንድ ሁለቴ «ካፒቴን» ብዬ ጀመርኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ በእጃቸው ምልክት ዝም አሰኙኝ።

ሰባት ሰዓት ላይ ሺሺዶ ገባ። ፀጉሩ ከጭምብሉ ላብ የተነሣ ግንባሩ ላይ ተለጥፏል፤ ራሱ ወጥቶ ነበር ማለት ነው።

«ሠላሳ ዘጠኙ ዝግ ናቸው» አለ። «አሥራ ሰባትን እናንተ ዘግታችሁታል። ሠላሳ ሦስት ክፍት ነበር። አሁን ተዘግቷል።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አሉ ካፒቴኑ።

«አይታወቅም።»

«አለቃ፣ አትሸሽገኝ። አይተኸዋል?»

ሺሺዶ ጫማውን አየ። «ከቧንቧው አፍ ሥር ኮንክሪቱ አረንጓዴ አብቅሏል።»

«ውፍረቱ?»

ሺሺዶ አውራ ጣቱን በሌላው ጣቱ ላይ አድርጎ የጥፍር ያህል ለካ። ከዚያ ዓይናቸውን አስታውሶ መሰለኝ እጃቸውን ይዞ ጥፍራቸው ላይ አሳያቸው። ካፒቴኑ አርባ ዓመት የጀልባ ሆድ የፋቁ ሰው ናቸው። አረንጓዴ ነገር ውሃ ባለበት ምን ያህል ጊዜ ፈጅቶ እንደሚበቅል እንደ እሳቸው የሚያውቅ የለም።

«ሁለት ወር» አሉ። «ቢያንስ።»

«የዚያ ክትር ውሃ ናሙና ተወስዷል። ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ማታ እናውቃለን።»

«ማታ እናንተ እወቁ።» ስልካቸውን ከሸሚዛቸው ኪስ አወጡ። ቁጥሩን በጣታቸው ዳስሰው ነው የደወሉት። አዳራሹ ፀጥ ስላለ የዋታሩ ድምፅ እስከ እኔ ይሰማ ነበር።

«አባዬ? ጀልባዋን አስሬያት ጨረስኩ፣ አትጨነቅ።»

«ዋታሩ፣ ሰኞ መረብ እንዳትጥል። ለማኅበሩ ሊቀመንበርም አሁን ደውለህ ንገረው። ማንም አይጣል።»

«እንዴ! ምን ተፈጠረ?»

«ከክትሮቹ አንዱ ሲፈስ ከርሟል። ሁለት ወር።»

«ሁለት ወር? ሁለት ወር ሙሉ የሚያየው ሰው አልነበረም? ማነው እሱ? ማነው የእኛን ባሕር…»

«እኔ ነኝ» አሉ ካፒቴኑ።

የካፒቴኑ ጣት፣ ያ ቀጥ ያለው፣ ስልኩ ላይ ታጥፏል። ሺሺዶ ቆሞ ይሰማል። አርባ ሰው ይሰማል። ተነሣሁና ስልኩን ከእጃቸው ወሰድኩ፤ ሊከለክሉኝ ሞከሩ፣ እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸውን ገፋሁ።

«ዋታሩ፣ ሃንጋይ ነኝ» አልኩ። «አባትህ ዓይናቸው አያይም። እኔ ግን አያለሁ።»